ካገለገለ የምግብ ዘይት ነዳጅ፦ ማኅበራት አስቀድመው ሊያስሉት የሚገባ

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ሰፋፊ እርሻዎች የሚታረሱት በትራክተር ነው። ናፍጣው ግን ከውጭ አገር የሚገዛ ነው። ስለዚህ የምግብ ቤቶችን ያገለገለ ዘይት ወደ ባዮዲዝል ለመለወጥ ማሰብ ተገቢ ነው። ሥራው ይቻላል፤ ሆኖም ሂሳቡና አደጋው አስቀድሞ ይታወቅ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የባዮፊውል ስትራቴጂ ጃትሮፋንና ጉሎን ለባዮዲዝል መርጣለች።

አሠራሩ፦ ዘይት ወፍራም ስለሆነ እንዳለ ቢቀዳ ፖምፓንና ኖዝልን ይጎዳል። ስለዚህ፦

1. ዘይቱ ይጣራ፤ ውኃው እስኪጠፋ ይሞቅ። ውኃ ካለበት ሳሙና ይሆናል። የሞተር የተቃጠለ ዘይት ፈጽሞ አይቀላቀልበት።

2. ለ100 ሊትር ዘይት 20 ሊትር ሜታኖል ይዘጋጅ። ኮስቲክ ሶዳው ለአዲስ ዘይት በሊትር 3.5 ግራም ነው፤ ላገለገለ ዘይት ስለሚጨምር በየጊዜው በናሙና ይለካ።

3. ሶዳው በሜታኖሉ ከሟሟ በኋላ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀው ዘይት ላይ ተጨምሮ አንድ ሰዓት ይማሰል።

4. አድሮ ከታች የዘቀጠው ግሊሰሪን ይውጣ፤ ከላይ ያለው ነዳጅ በውኃ ታጥቦ ይድረቅ።

አደጋው፦ ሜታኖል መርዝ ነው፤ ቢጠጣ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላል። በቆላው ሙቀት ትነቱ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ ሥራው ነፋስ በሚያገኝበት፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ቦታ፣ በጓንትና በመነጽር ይከናወን። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን ስለሚበላ የአልሙኒየም ድስት አይሆንም።

ሂሳቡ፦ አንድ ማኅበር በሳምንት 30 ሊትር ቢሰበስብ በወር 120 ሊትር ያገኛል። በዲስክ ማረሻ አንድ ሄክታር ለማረስ 20 ሊትር ያህል ነዳጅ ቢፈጅ፣ ይህ ከ6 ሄክታር አያልፍም። እንግዲህ ትርፉ ለእርሻው ሁሉ ሳይሆን ለወፍጮ ወይም ለውኃ ፓምፕ ነው።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞች በቅድሚያ በከተማው የሚገኘውን ዘይት፣ የሜታኖሉንና የሶዳውን ዋጋ ከናፍጣ ዋጋ ጋር እንዲያመዛዝኑ እንመክራለን። ሂሳቡ ካዋጣ፣ በመጀመሪያ አንዱን እጅ ባዮዲዝል ከአራት እጅ ናፍጣ ጋር ቀላቅሎ መሞከርና ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ማየት ይበጃል። ለገበያ የሚበቃውን ሰሊጥ ጨምቆ ለሞተር ማዋል ግን ኪሳራ መሆኑን እናሳስባለን።