አንድ ዘር፣ ሁለት አየር

ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆች በመልክና በጠባይ እንደሚለያዩ ሁሉ፣ የአንድ ዝርያ ዛፎችም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። አንዱ ኮክ ትልልቅና ጣፋጭ ፍሬ ሲያፈራ፣ የሌላው ፍሬ ትናንሽና ኮምጣጣ ሊሆን ይችላል። የዚህ ልዩነት ምንጮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዛፉ ከወላጆቹ የወረሰው ዘር ሲሆን፣ ሁለተኛው የበቀለበት ቦታ አየርና አፈር ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ችግኝ ለሚተክል ገበሬ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ምርጫው የተሳሳተ መሆኑ የሚታወቀው ከዓመታት ድካም በኋላ ነውና።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ከአንድ የኮክ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፎች ተቆርጠው፣ በተመሳሳይ ግንዶች ላይ ተጣብቀው ሁለት ችግኞች ተገኙ እንበል። ሁለቱ ቅርንጫፎች በዘራቸው አንድ ናቸው። አንዱ በጎንደር ከተማ፣ ሌላው በደባርቅ ቢተከል ግን ዕድገታቸው አንድ ዓይነት አይሆንም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት የወይና ደጋ ከተማ ስትሆን፣ ደባርቅ በ2,800 ሜትር ገደማ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል።

አራት ዲግሪ ትንሽ ቢመስልም ለኮክ ብዙ ነው። የኮክ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ካረፈ በኋላ እምቡጦቹ በአንድነት እንዲፈነዱ የተወሰነ የብርድ ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህም ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች በሚወርድባቸው ሰዓቶች ብዛት ይለካል። አንዳንዱ የኮክ ዓይነት ከ200 ሰዓት ያነሰ ብርድ ሲበቃው፣ ሌላው ከ1,000 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ብርድ ያልጠገበ ዛፍ ዘግይቶና ተበታትኖ ያብባል፤ ፍሬውም ያንሳል። ከዚህም ሌላ፣ ፍሬ በሙቀት ፈጥኖ ስለሚበስል የማደጊያ ጊዜው ያጥራል፤ በቀዝቃዛ ቦታ ግን ቀስ ብሎ ይበስላል። ሆኖም ብርድ ሁልጊዜ በጎ አይደለም። በአበባ ወቅት ውርጭ ቢወርድ የዓመቱ ምርት በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል።

አፈርና ብርሃንም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የኮክ ሥር ውኃ የሚያቁር መሬት አይስማማውም። ስለዚህ እንደ ደምቢያ ሜዳ ባለ ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ በክረምት ሥሩ አየር አጥቶ ይታመማል፤ ውኃ በሚያሳልፍ ተዳፋት ላይ ግን ይለመልማል። በአንድ ዛፍ ላይ እንኳ ፀሐይ ያገኘው ፍሬ ሲቀላ፣ በቅጠል የተሸፈነው ገርጥቶ ይቀራል።

የዘርንና የቦታን ድርሻ በሙከራ ለይተው ካሳዩት መካከል ክላውሰን፣ ኬክና ሂዚ የተባሉ ተመራማሪዎች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1940 አሳተሙ። አንድን የዱር ተክል እየከፋፈሉ ከባሕር ወለል እምብዛም በማይርቅ ዝቅተኛ ስፍራ፣ በ1,400 ሜትርና በ3,050 ሜትር ከፍታ ላይ ተከሉት። የአንዱ ተክል ክፋዮች በቁመትና በሚያብቡበት ጊዜ ተለያዩ። ይሁን እንጂ የዝቅተኛው ስፍራ ተክል ወደ ተራራው ስለ ወጣ የተራራ ተክል አልሆነም፤ ብዙውን ጊዜ ብርዱን መቋቋም አቅቶት ሞተ። እንግዲህ ቦታ መልክን ይለውጣል እንጂ የተክሉን የዘር ውርስ አይለውጥም።

በመሆኑም በገበያ ላይ ያማረ ኮክ ያየ ሰው ፍሬውን ከመትከሉ በፊት፣ «ይህ ያማረው በዘሩ ነው ወይስ በቦታው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። በተለይ የምድር ሙቀት እየጨመረ በሄደበት በዛሬው ዘመን የብርድ ሰዓቶች ሲቀንሱ፣ ለአባት ያፈራ የኮክ ዓይነት ለልጅ ላያፈራ ይችላል።

መልመጃ

1. አንድ ዘር ያላቸው ሁለት ችግኞች በጎንደርና በደባርቅ የሚለያዩት በምን ምክንያት ነው?
2. «የሚያቁር»፣ «ተዳፋት» እና «ክፋዮች» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ጻፉ።
3. በአካባቢያችሁ በሁለት ቦታ የሚበቅል አንድ ዓይነት ተክል መርጣችሁ፣ «ሲሆን»፣ «ሆኖም» እና «በመሆኑም» በሚሉት ቃላት በመጠቀም ልዩነቱን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።