ጎርፍ ያበላሸውን መንገድ ስለ መመርመርና ስለ መገመት

እህል በጎተራ ሞልቶ ሳለ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ከተቈረጠ፥ የገበሬው ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከክረምት በኋላ መንገድን ማሳደስ ከሹም ሥራ ሁሉ የሚቀድም ነው። ነገር ግን የማሳደሻውን ገንዘብ ለመለመን «መንገዳችን በጎርፍ ጠፋ» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ገንዘብ ሰጪው «ያፈረሰው ጎርፉ ነውን ወይስ የብዙ ዘመን ቸልታ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቁም የተገባ ነው።

ለዚህ ነገር የአውስትራልያ ክፍል የሆነችው ኩዊንስላንድ ምሳሌ ትሆነናለች። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ ታላቅ ጎርፍ ደርሶባት፥ ከግዛቷ ከሦስት አራተኛ የሚበልጠው የአደጋ ሥፍራ ተባለ። በዚያው በ2011 መልሶ የማቋቋሙን ሥራ የሚመራ መሥሪያ ቤት አቆመች። ከኖቬምበር 1 ቀን 2018 ጀምሮ የጸናው የአገሪቱ ደንብ ደግሞ የተበላሸው መንገድ ከአደጋው በፊት እንዴት እንደ ነበረ ማስረጃ ይጠይቃል።

ከዚህም የምንማረው የመጀመሪያው ምርመራ ጎርፉ ሳይመጣ የሚደረግ መሆኑን ነው። በግንቦት ወር መንገዱን፥ ድልድዩንና የውሃ ማሳለፊያ ቱቦውን ሁሉ ከነቀኑና ከነሥፍራው ፎቶግራፍ አንሥቶ በመዝገብ ማኖር ይገባል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ከዚያው ሥፍራ ቆሞ ሁለተኛ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የጎርፉ ጥፋት ከአሮጌው ጥፋት ይለያል።

ቀጥሎ መለካት ነው። ርዝመቱ 40 ሜትር፥ ወርዱ 5 ሜትር፥ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ መንገድ ተጠርጎ ቢሄድ፥ የጎደለው 60 ሜትር ኩብ ነው። ጠጠር ግን ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ፥ በመኪና የሚመጣው ከዚህ ሊበልጥ ይገባዋል። እንዲህ በቍጥር የተጻፈ ልመና ይመረመራል፤ ያለ ቍጥር የተጻፈ ግን ጩኸት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዓይንን የሚያታልሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ የመንገዱ ፊት ደርቆ ሳለ መሠረቱ ገና በውሃ የራሰ ሊሆን ይችላል። ከባድ መኪና ቸኵሎ ቢያልፍበት ጎርፉ ያላፈረሰውን መኪናው ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ መሠረቱ እስኪጠና ድረስ ከባድ ጭነትን መከልከል ነው። ሁለተኛው፥ ኀይለኛ ጎርፍ የድልድዩን እግር ሥር ይቈፍራል፤ ውሃው ሲጐድል ግን ጕድጓዱ በደለል ይሞላና ድልድዩ ደኅና ይመስላል። ረጅም የብረት ዘንግ ተክሎ መፈተን ይገባል፤ ዘንጉ ያለ ድካም ከገባ፥ መሐንዲስ እስኪያየው ድረስ መሻገሪያውን መዝጋት ነው። ገበያ አንድ ሳምንት ቢቀር ይካሳል፤ የሰው ነፍስ ግን አትካስም።

የተዘጋ ቱቦም ሳይመረመር አይታለፍ። ውሃው መውጫ ሲያጣ በመንገዱ ላይ ወጥቶ ይጠርገዋልና፥ ቱቦው ሳይጠረግ መንገዱን ማደስ ለሚመጣው ክረምት እንደ ገና ማዘጋጀት ነው።

እንግዲህ ክቡራን አገረ ገዦችና የወረዳ ሹማምንት ሆይ፥ ከጎርፉ በፊት መዝግቡ፤ ከጎርፉ በኋላ ሳትዘገዩ ለኩ። ጐረቤት ወረዳ ገንዘብ አግኝቶ የእናንተ ቢቀር፥ ምክንያቱ የጎርፉ ማነስ ሳይሆን የመዝገቡ መጥፋት ሊሆን ይችላል።