እንቢ ያለ የብስክሌት ጎማ እንዴት ይወልቃል? እንዴትስ ይገባል?

እኛ ሰንዳፋ ብስክሌት ያለው ልጅ ሁሉ ግማሽ ጎሚስታ ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን ጎማ የምናወልቀው በጉልበትና በካቻቢቴ ስለሆነ ካላማደሪያውን (የውስጡን ጎማ) እንበሳዋለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩ የጉልበት ጉዳይ እንዳልሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በተለመደው ጎማ በሁለቱም ጠርዞች ውስጥ የብረት ሽቦ አለ። ሽቦው ደግሞ ቢጎትቱት አይለጠጥም። ታዲያ የቸርኬውን ከንፈር እንዴት ያልፋል? ምሥጢሩ ቸርኬው መሐል ላይ ያለው ቦይ ነው። ቦዩ ጠርዙ ከሚያርፍበት ቦታ በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጎደጉድ እንኳ፣ ሽቦው ዙሪያውን እዚያ ሲወርድ 2×3.14×3፣ ማለትም ወደ 19 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ትርፍ ይገኛል። ጎማው የሚያልፈው በዚህች ትርፍ ነው።

ስለዚህ ሲወልቅ አየሩን ጨርሶ ማስወጣት፣ ከዚያ ጎማውን ዙሪያውን በአውራ ጣት እየጨመቁ ወደ ቦዩ ማውረድ ነው። ቫልቩ ያለበት ቦታ ግን ቦዩን ስለሚዘጋው ጠርዙ እዚያ አይወርድም፤ መፈልቀቅ የሚጀመረውም ከእሱ አጠገብ ነው። ካቻቢቴ ስለት አለውና የማንኪያ እጀታ ይሻላል። ሲገባ ተቃራኒው ነው፦ ከቫልቩ ማዶ ተጀምሮ ቫልቩ ጋ ይጨረሳል። የመጨረሻዋ ስንዝር እንቢ ካለች የሳሙና ውሃ መቀባት ነው እንጂ ብረት አያስፈልግም። በታኅሣሥ ብርድ ላስቲኩ ስለሚደርቅ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ማሳረፍ በጣም ይረዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልገባ ልኩን መጠርጠር ነው። “28” ተብለው የሚሸጡ ጎማዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። የአንዱ ጠርዝ ስፋት 622፣ የሌላው 635 ሚሊ ሜትር ነው። 622ቱ በ635 ቸርኬ ላይ ምንም ቢደረግ አይገባም፤ በቃ! የሚያሰጋው ግን ሌላው ነው። 635ቱ በ622 ቸርኬ ላይ ያለ ምንም ትግል ይገባል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። ከዚያ አየር ሲሞላ ወይም ቁልቁለት ላይ ከቸርኬው ሾልኮ ይወጣል። በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ከኋላ ከባድ መኪና እየመጣ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም።

ቁጥሩ በጎማው ጎን ላይ ከሰረዝ ቀጥሎ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 37-622። በአሮጌው ጎማ ላይ ተፍቆ ከጠፋ ቸርኬውን ተሸክሞ ሱቅ መሄድ ነው፣ ባለሱቁ ቢስቅም።