ደጋግሞ የሚበር መንኮራኩር፦ ከመመለስ ይልቅ ዳግም መነሣት የሚከብደው ለምንድን ነው?

ሳንታ ሞኒካ፣ ሎስ አንጀለስ፦ የዳግላስ ኩባንያ ዝነኛ አውሮፕላን ዲሲ-3 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1935 በሳንታ ሞኒካ ነበር። ከእርሱ የተወለደው ሲ-47 ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ነው። እነዚያ አውሮፕላኖች ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የሚጣሉ ቢሆኑ ኖሮ፣ አየር መንገድ የሚባል ሥራ ባልኖረ ነበር። ሮኬት ግን ለአሥርተ ዓመታት የኖረው እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ይተኮሳል፣ ከዚያም ይቃጠላል ወይም ባሕር ይውጠዋል።

ምክንያቱ የፍጥነት ጉዳይ ነው። በምድር ዙሪያ የሚዞር መንኮራኩር በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም የእነዚያን አውሮፕላኖች ፍጥነት 100 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሚሸከመው ጉልበት 10,000 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ለመመለስ ይህ ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ሙቀቱን በዋናነት የሚፈጥረው ሰበቃ ሳይሆን፣ ከመንኮራኩሩ ፊት በድንገት የሚታመቀው አየር ነው።

ለዚህ ፈተና የቀረበው የመጀመሪያው ታላቅ መልስ የአሜሪካ ስፔስ ሸትል ነበር። ከእነዚህ መንኮራኩሮች አንዷ የሆነችው ኢንዴቨር ከ1992 እስከ 2011 ድረስ 25 ጊዜ በርራ፣ ዛሬ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ሳይንስ ማዕከል ትገኛለች። በፌርፋክስ ጎዳና ካለችው ትንሿ ኢትዮጵያም ሩቅ አይደለችም። አካሏን ከሙቀት የሚጠብቁት ከ20,000 በላይ ቀላል የሲሊካ ንጣፎች ሲሆኑ፣ ቅርጻቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። እጅግ በሚግለው የክንፍ የፊት ጠርዝ ላይ ደግሞ ወደ 1,650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት የሚችል የካርቦን ሽፋን ነበራት።

ችግሩ የተከሠተው ከማረፍ በኋላ ነው። ንጣፎቹ አንድ በአንድ መመርመር፣ የተጎዱት መተካት፣ ሞተሮቹም መፈተሽ ነበረባቸው። በዕቅዱ መሠረት አንዲት ሸትል ባረፈች በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳግም ዝግጁ ትሆን ነበር፤ በተግባር ግን ዝግጅቱ ወራትን ይፈጅ ጀመር። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ሳይመረመር የቀረው ነው። በጃንዋሪ 2003 ኮሎምቢያ ስትነሣ ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለ የፎም ቁራጭ የግራ ክንፏን የፊት ጠርዝ ሰበረ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ስትመለስ ትኩስ ጋዝ በስንጥቁ ገብቶ መንኮራኩሯን አፈራረሳት፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሕይወታቸውን አጡ።

በሎስ አንጀለስ አጠገብ በሆውቶርን የተሠራችው የስፔስኤክስ ድራገን የተለየ መንገድ ትከተላለች። ካፕሱሏ የምትቀመጠው በሮኬቱ ጎን ሳይሆን በአናቱ ላይ ስለሆነ፣ ከላይ ወድቆ የሚመታት ነገር የለም። የሙቀት መከላከያዋም ከካፕሱሏ ሥር በተያያዘው ክፍል ተሸፍኖ ይቆያል፤ የሚገለጠው ለመመለስ ስትዘጋጅ ነው። መከላከያው በዝግታ እየተቃጠለና እየተላጠ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ካፕሱሏ በአራት ፓራሹት ባሕር ላይ ታርፋለች፤ ጨዋማው ውኃም የራሱን የጥገና ሥራ ይጨምራል። የሮኬቱ የመጀመሪያ ደረጃ ደግሞ ሞተሩን አቀጣጥሎ በእግሮቹ ይቆማል። በኤፕሪል 2021 አራት ጠፈርተኞች አስቀድማ በበረረች ካፕሱልና አስቀድሞ በበረረ ሮኬት ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተጓዙ። ካፕሱሏም ኢንዴቨር ትባላለች።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ድራገን ሁሉንም ነገር አታድንም፤ የሮኬቱ ሁለተኛ ደረጃ ይጠፋል፣ የካፕሱሏ የኋላ ክፍልም በጉዞው መጨረሻ ይጣላል። መሐንዲሶቹ የመረጡት ሁሉንም ሳይሆን፣ ከፊሉን መመለስ ነው። ባሕር የሰጠመ ሮኬት ምስጢሩን ይዞ ይቀበራል፤ የተመለሰ አካል ግን ምስክር ነው፤ የት እንደሰነጠቀ፣ የት እንደተቃጠለ ያሳያል። ስለዚህ የዚህ ምሕንድስና እውነተኛ መለኪያ የበረራው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ምስክርነቱን በጥንቃቄ አድምጦ፣ የሚቀጥሉትን ተሳፋሪዎች ሕይወት በእርሱ ላይ ለማሳረፍ የሚያበቃ መተማመን ነው።