ነፍሰ ጡርና የሌሊት እንቅልፍ

እስኪ ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። የዛሬው የንባብ ቃላችን «ትንፋሽ» የሚለው ነው። ት፣ ን፣ ፋ፣ ሽ፤ አራት ፊደል ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ትምህርታችንም ከዚሁ ቃል ተነሥቶ ስለ ነፍሰ ጡር እናት እንቅልፍ ይሆናል።

እርጉዝ ሴት ሌሊት እንቅልፍ የምታጣው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ብዙ ነው። ማሕፀን እየሰፋ ሲሄድ የሽንት ፊኛን ስለሚጫን በየጊዜው ለሽንት ትነሣለች። ቃር ያቃጥላታል፤ ወገቧን ያማታል፤ የባቷ ጡንቻ ይኮማተራል። ጋደም ስትል ደግሞ የጽንሱ እንቅስቃሴ ይበልጥ ይሰማታል።

ከዚህ ሁሉ ላይ ሐሳብ ይጨመራል። «ነፍሰ ጡር አንድ እግሯ መቃብር ነው» ሲባል እየሰማች ያደገች ሴት፣ ምጡን፣ ወጪውን፣ የቤቱን ጉዳይ ስታወጣ ስታወርድ ይነጋል። ጧት ድክም ሲላት ደግሞ «ሰነፈች» ትባላለች። ነገሩ ግን ስንፍና አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣት ነው።

ሰው ሲጨነቅ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ ጡንቻው ይወጠራል። እንዲህ ያለ ሰውነት ዘብ እንደቆመ ሰው ነውና አይተኛም። «ተኚ፣ ተኚ» እያሉ ራስን ማስገደድም ዘቡን ይበልጥ ያነቃዋል። የሚረዳው ልብን ከሐሳቡ መልሶ ቀስ ባለ ትንፋሽ ላይ ማሳረፍ ነው። ይህንን «ልብ ብሎ መተንፈስ» እንበለው።

ዘዴው ከቡድሃ እምነት ተከታዮች የቆየ ልማድ የተወሰደ ነው። እኛ አገር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1979፣ ጆን ካባት-ዚን የተባሉ ምሁር በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ከሃይማኖት ለይተው ለሕመምተኞች ማስተማር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጭንቀትን እንደሚቀንስና እንቅልፍን ሊያሻሽል እንደሚችል አመልክተዋል። ለሁሉም እኩል ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ጸሎት ወይም ሶላት ያላት እናትም የራሷን አድርሳ ልትሞክረው ትችላለች።

እንግዲህ እህቴ፣ እንዲህ አድርጊ።

አንደኛ፣ በጎንሽ ተኚ። በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በጀርባ መተኛት ጥሩ አይደለም፤ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫናል። በጀርባሽ ሆነሽ ብትነቂ አትደንግጪ፣ ወደ ጎንሽ ዙሪ። በጉልበቶችሽ መካከል የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ አድርጊ።

ሁለተኛ፣ ትንፋሽሽን ሳታፍኚ በአፍንጫሽ ሳቢ፤ ከዚያ ቀስ ብለሽ ልቀቂ። አየሩ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ልብ በይ።

ሦስተኛ፣ በለቀቅሽ ቁጥር አንድ ፊደል በልብሽ ቁጠሪ፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ። ሰባቱ ሲያልቁ እንደገና ከ«ሀ» ጀምሪ። ሐሳብ መጥቶ ቢወስድሽ ራስሽን አትቆጪ፤ ወደ «ሀ» ተመለሺ። መቶ ጊዜ ብትሄጂ መቶ ጊዜ ተመለሺ። ትምህርቱ መመለሱ ነው።

አራተኛ፣ ከእግር ጣትሽ ጀምረሽ እስከ ግንባርሽ ድረስ ሰውነትሽን በየተራ ልብ በይ፤ የተወጠረውን አላሊ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተሽ እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ተነሥተሽ በደብዛዛ ብርሃን ተቀመጪ፤ ሲያንጎላጅሽ ተመለሺ። ቡናውንም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ተዪው፤ በምሽት አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲጠጣ አድሮ እንቅልፍ ከየት ይመጣል?

አሁን የምነግራችሁን ግን አስምሩበት። በትንፋሽ የማይታለፍ ሕመም አለ። ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የእንሽርት ውኃ መፍሰስ፣ የመዳፍና የእግር ብርቱ ማሳከክ፣ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየም ለጤና ባለሙያ ይነገር። የእንቅልፍ መድኃኒት ባለሙያ ሳያዝ አይወሰድ።

አባወራዎች ሆይ፣ ትምህርቱ የእናንተም ነው። ውኃ መቅዳቱንና እንጨት መፍለጡን ያዙላት፤ ቀን ጋደም ስትል «ምን ሆነች?» አትበሉ። የአደጋ ምልክት ከታየ በምን እንደምትሄዱና ማን ልጆቹን እንደሚጠብቅ ከአሁኑ ተነጋገሩ። እሱ ከተወሰነ አንዱ ጭንቀቷ ቀለለ ማለት ነው።

የቤት ሥራችሁ ይህ ነው፦ የአደጋ ምልክቶቹን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ማንበብ ለማትችል ነፍሰ ጡር ጎረቤታችሁም አንብቡላት። ለዛሬ በዚሁ እናብቃ። ደኅና እደሩ።