መጽሐፍና ማረሻ

እኛ አስተማሪዎቻችሁ የግብርና ተማሪዎች ነን። የምንማረው በሐረር አቅራቢያ፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቦታው ድሮ ዓለማያ ይባል ነበር። በ1977 ዓ.ም. የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ከባቄላ በኋላ የተዘራ ስንዴ ያምራል። ይህን እናንተ ከአባቶቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኛ ደግሞ ምክንያቱን ተማርን። ባቄላ ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። ትንንሽ እባጮች አሉበት። በውስጣቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ፤ በዓይን አይታዩም። ከአየር ናይትሮጅን ወስደው የተክል ምግብ ያዘጋጃሉ። መሬቱም ይዳብራል።

ነገ ተመርቀን ገበሬ ልንመክር ነው። ብንሳሳት የሚራበው የገበሬው ልጅ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ብቻ አይበቃንም።

እናንተ አሁን መጻፍ ችላችኋል። የዘራችሁበትን ቀን ጻፉ። ዝናብ የጣለበትን ቀን ጻፉ። ስንት ኩንታል እንዳገኛችሁ ጻፉ። ደብተራችሁንም አሳዩን። እኛም ከእናንተ እንማር።