የሙሴን ካባ ማን ሸመነው?

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደጃፍ ፈረቃ ሲለቀቅ ቆሞ ያየ ሰው መንገዱ እንዴት እንደሚሞላ ያውቃል። ሰርቪሶቹ ሞተር አስነስተው ይጠብቃሉ፣ ባለባጃጆቹ ይጣራሉ፤ ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው፣ ከአቧራው ነጠላቸውን ተከናንበው እየተሳሳቁ ይወጣሉ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ትልቅ ፊልም ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው እዚህ በር ላይ አለ፤ ብዙ ሕዝብና ልብስ መስፋት የሚያውቅ እጅ።

ፊልም ሲባል ቶሎ የሚታየን ካሜራውና ታዋቂው ተዋናይ ነው። እንዲህ ባለው ፊልም ግን ብዙ ገንዘብ የሚበላው ጨርቁ፣ ጣውላው፣ ጂፕሰሙ፣ መጓጓዣውና የሕዝቡ ቀለብ ነው።

ብዙዎቻችን በፋሲካ ሰሞን ያየነውን «ዐሥርቱ ትእዛዛት» እንውሰድ። ሴሲል ዴሚል እ.ኤ.አ. በ1956 ለእይታ ያበቃው ይህ ፊልም 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል፤ ለዚያ ዘመን ጉድ የተባለ ገንዘብ ነበር። መጀመሪያው አካባቢ ሙሴ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ተመልሶ የኢትዮጵያን ንጉሥ ፈርዖን ፊት ሲያቀርብ ይታያል፤ ንጉሡን ሆኖ የተጫወተው አሜሪካዊው ዉዲ ስትሮድ ነው። የእኔ ዓይን ግን ሁልጊዜ የሚያርፈው ሙሴ በኋላ በለበሰው ባለ መስመር ካባ ላይ ነው። ካባው ከጣቃ ተቆርጦ የተሰፋ አይደለም። ዶሮቲያ ሀልስ የምትባል ሸማኔ በእጇ የሸመነችው ነው። ካሜራ ሲቀርብ የክሩ መወፈርና መቅጠን ይለያል፤ ወጥ ሆኖ የወጣ የፋብሪካ ጨርቅ ያንን አያሳይም። እናቶቻችን በእንዝርት የፈተሉትን ክር የእኛ ሸማኔ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲሸምነው የሚወጣው ጨርቅ ደግሞ በትክክል እንዲህ ያለው ነው።

ከካባው ጀርባ ያለው ሥራ በሦስት ይከፈላል። ለዋናው ተዋናይ አንድ ዓይነት ልብስ ደጋግሞ ይሰፋል፦ ንጹሑ፣ ጭቃ የነካው፣ ውሃ የሚገባው፣ በእሱ ፈንታ ከፈረስ ለሚወድቀው ሰው የሚሆነው። ቀጥሎ ለካሜራው ቀረብ ብለው የሚናገሩት ሰዎች ልብስ አለ። የመኪና ስፌት እንዳይታይ ጠርዙ በእጅ መርፌ ይሠራል። ሦስተኛው በሩቅ የሚታየው የሕዝቡ ልብስ ነው። ሦስት አራት ዓይነት ቅድ ይወጣና በተለያየ ቀለም እየተነከረ በሺህ ይሰፋል።

የፓርኩ ሼዶች የሚጠቅሙት ለዚህ ለሦስተኛው ነው። መስከረም 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ፓርክ በዋናነት የታሰበው ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ነው። በአልባሳት ሼድ ውስጥ አንዷ ትከሻ ትገጥማለች፣ ቀጣይዋ እጅጌ ትይዛለች፣ ሌላዋ ጠርዝ ታጥፋለች። ሺህ ቀሚስ ለእንዲህ ያለው መስመር ብርቅ አይደለም።

ችግሩ ሌላ ነው። መስመሩ የተደራጀው አንዱ ልብስ ከሌላው ፈጽሞ እንዳይለይ ነው፤ ጥራት ተቆጣጣሪዋ ትንሽ የተንጋደደውን ታወጣለች። ፊልም ግን ወጥ የሆነውን ይሸሻል። አርባ ዓመት በበረሃ የተንከራተተ ሕዝብ አዲስ ልብስ አይለብስም። ስለዚህ ልብሱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ የማስረጀት ሥራ ይጀመራል። ጉልበቱና ክርኑ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ቀለሙ በበረኪና ይደበዝዛል፣ አንገትጌው ላብ የጠጣ እንዲመስል በሻይ ይነከራል። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በእኔ እምነት ከስፌቱ ይልቅ ልንማረው የሚገባን እሱን ነው።

ልብሱ ይህ ከሆነ፣ በፊልሙ ቀይ ባሕርስ እንዴት ተከፈለ? ዴሚል ያንኑ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1923 ድምፅ አልባ አድርጎ ሲሠራ የባሕሩን ግድግዳ ያበጀው ከጄሎ ነበር። በሙቀት ሲቀልጥ ተቀረጸና ፊልሙ ወደኋላ ተጫወተ። በ1956ቱ ብዙ ውሃ ወደ ትልቅ ገንዳ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ፤ ያም ተገልብጦ ሲታይ ባሕሩ የተሰነጠቀ መሰለ። ፊልሙ በልዩ ትዕይንት ኦስካር አግኝቷል።

የራሳችን ታሪክም ተሠርቷል፤ የተሠራው ግን እኛ ጋ አይደለም። «ሰሎሞንና ሳባ» የተባለው የኪንግ ቪዶር ፊልም የተቀረጸው ስፔን ውስጥ ነው፤ ንግሥቲቱን የሆነችው ጣሊያናዊቷ ጂና ሎሎብሪጂዳ ነበረች። ሰሎሞንን የሚጫወተው ታይሮን ፓወር እ.ኤ.አ. በ1958 የሰይፍ ፍልሚያ ሲቀረጽ ልቡን ታምሞ ሞተ። ዩል ብሪነር ተተክቶ የንጉሡ ትዕይንቶች እንደ አዲስ ተቀረጹ። ትልቅ ፊልም ያለ ኢንሹራንስ የማይነሳው እንዲህ ያለው ስለሚያጋጥም ነው።

ዛሬ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ፊልም ሠሪው ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዷ የሞሮኮዋ ዋርዛዛት ናት፤ በረሃ ዳር ያለች ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1983 አትላስ ስቱዲዮ ተከፈተባት፤ አናጺውም ልብስ ሰፊውም አጃቢ ተዋናዩም በፊልም የሚኖር ሆነ። የሞሮኮ መንግሥትም በአገሩ ከወጣው ወጪ ከፊሉን ለፊልም ሠሪው ይመልሳል። የአዳማ ሰው ለእይታ የሚሆን መሬት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። የፈንታሌ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የበሰቃ ሐይቅ፣ የሶደሬ ዛፍ ሁሉም በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። ከአዲስ አበባ ፈጣኑ መንገድ፣ ከጅቡቲ ባቡሩ ይመጣል።

ከአልባሳቱ ቢጀመር ደስ ይለኛል፤ ካሜራውን ሌላ ሰው ያምጣው። የሞገስ ታፈሰ ፊልም «ቁራኛዬ» የድሮውን ዘመን ልብስ አልብሶ አሳይቶናል፤ ሙያው ከዜሮ አይነሳም። አንድ ሼድ ይለቀቅ፤ ሃያ ልብስ ሰፊዎች፣ ሁለት ሸማኔዎች፣ ማቅለም የሚያውቅ አንድ ሰው ይግቡበት። መቶ ቀሚስ ሰፍተው ከሼዱ ጀርባ ገመድ ላይ ያስጡት። የአዳማ ፀሐይ ቀለሙን ታወጣዋለች፤ አቧራውን ነፋሱ ይዞት ይመጣል።